ለቀባሪ ቅሬ አለ፤ ለጧሪስ?

ደሴ ወይም ወልድያ ውስጥ መንገድ ዳር የወደቁ አንዲት እናት የሚታዩበት ምስል በስልክ መዘዋወር ሲጀምር ቀጥሎ የሚመጣው ከሞላ ጎደል ይታወቃል። አንድ ሰው «እኔ ወስጄ እጦራቸዋለሁ» ይላል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ገንዘብ ይገባል። ወር ሳይሞላ ጭቅጭቁ ይነሳል። አንዱ ወገን «ዕድሜውን ለችግረኛ የሰጠን ሰው ደረሰኝ አምጣ ማለት ነውር ነው» ሲል ሌላው «በድሃ ስም ይነግዳል» ይላል። ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ ሰውየው ልብ ነው። ጧሪ ያጡትን የሚያነሱ ቤቶች የሚፈርሱበት ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ ልብ ውስጥ የለም። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሐምሌ ሲገባ፣ አስታማሚ ሲጠፋ፣ ሒሳቡ በአንድ ሰው ስም ተይዞ ያ ሰው ሲታመም ነው የሚፈርሱት። ይህ ጽሑፍ ሥራውን ከነስፍሩ ለማየት ይሞክራል።

ጧሪና ቀባሪ

ሰው ብቻውን ሲቀር «ጧሪ ቀባሪ የለውም» እንላለን። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው ስለሚነገሩ አንድ ነገር ይመስላሉ። በወሎ ግን አንዱ ተቋም አለው፣ ሌላው የለውም።

መቅበር የቅሬ ሥራ ነው። ሌላው ሀገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በብዙ ቀበሌ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይታቀፋል። ሞት ሲሰማ መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ለለቅሶ ቤት እንጀራና ውሃ የሚያደርሰው ተለይቶ ይታወቃል። የቀረ ይቀጣል። ቅሬን ከዘመን ዘመን ያሻገረውም ይህ ቅጣት ነው ማለት ይቻላል፤ አባሉ ደግ ሆነም አልሆነ፣ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የነበረም ቢሆን፣ ተነስቶ ይመጣል።

መጦር እንዲህ አልተደነገገለትም። ግዴታው የልጅና የዘመድ ነው። የቤተሰብ ሕጉም ልጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ዘመድ የሌለው ሰው ሌሎች በሮች ነበሩት፦ ደጀ ሰላሙ፣ ሰንበቴውና ዝክሩ፣ የሙት ዓመቱ ድግስ፤ በሌላ ወገን ሰደቃው፣ በጋራ የሚጸለይበት ወዳጃው፣ እንደ ጃማ ንጉሥ፣ ገታና ዳና ባሉ የሼኾች መንደሮች ለመጣ ሁሉ የሚጣደው ድስት። እነዚህ በሮች ዛሬም አልተዘጉም። የሚሰጡት ግን የአንድ ቀን ምሳ፣ ቢበዛ የአንድ ሳምንት ማረፊያ ነው። አልጋ የያዘ ሽማግሌን ለሦስት ዓመት ማጠብና ማገላበጥ የማንም ተራ ሆኖ አያውቅም። ቅሬም ቢሆን የሚቆመው ለአባሉ ነው። ከሌላ አውራጃ የመጣ፣ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስሙ መዝገቡ ላይ የለም።

እንግዲህ «ሕይወታቸውን ለሌላው የሰጡ» የምንላቸው ሰዎች የቆሙት በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱ የተቋም ሆኖ ሳለ የተሸፈነው በግለሰብ ነው።

ሸክሙ አሁን ለምን ከበደ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ በጦርነት ውስጥ ቆዩ፤ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች በሐብሩ ወረዳ ጃራ፣ በሐይቅና በደሴ ዙሪያ መጠለያ ያዙ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ እህልና መድኃኒት ያዘገያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ተነሳ፤ የአዋቂ ዳይፐርና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እዚህ ውስጥ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው የእርዳታ መቀነስ ነው። አሜሪካ በጥር 2017 የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ ዩኤስኤይድ የሚባለው የእርዳታ ድርጅቷም በሰኔ ማብቂያ ሥራውን አቆመ። ከዚያም በፊት፣ በሰኔ 2015፣ እህል ካልተገባው እጅ ገብቷል ተብሎ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው ሀገሪቱ የምግብ እርዳታ አቁመው ለወራት ቆይተዋል። ከዚህ መያዝ ያለበት ነገር አለ። እህሉን ያጠፉትና እህሉ ሲቆም የተራቡት ሰዎች የተለያዩ ነበሩ፤ መዝገብ ሲበላሽ ቅጣቱ የሚያርፈው ተረጂው ላይ ነው።

መንግሥትስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል። ከ1997 ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ ዋስትና ለሌላቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ መሥራት ለማይችሉ «ቀጥታ ድጋፍ» አለው። የከተማው ሴፍቲኔት ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ችግሩ ፕሮግራሙ በዋናነት የሚመዘግበው ቤተሰብን መሆኑ ነው። የቀበሌ መታወቂያና ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። መንገድ ዳር የወደቀው ደግሞ ሁለቱንም የለውም።

40 ሰው በዓመት ስንት ኩንታል ይበላል?

ለተፈናቃይ ሲታደል የቆየው የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። 40 ሰው የያዘ ቤት በዚህ ስፍር በወር 6 ኩንታል እህልና 60 ኪሎ ጥራጥሬ ይፈልጋል። በዓመት 72 ኩንታል እህል ይሆናል።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። በቅሬ ሲካፈል ግን ሌላ መልክ ይይዛል። 120 አባወራ ያለው አንድ ቅሬ እያንዳንዱ አባል በዓመት 5 ኪሎ ቢያወጣ 600 ኪሎ፣ ማለትም የቤቱን የአንድ ወር እህል ይሸፍናል። እንዲህ ያሉ 12 ቅሬዎች ዓመቱን ይሸፍኑታል። አንድ በጎ አድራጊ በስልክ እየለመነ የሚያሳድደውን 72 ኩንታል 1,440 ቤቶች ሳይከብዳቸው ያወጡታል።

ከመጠኑ ባልተናነሰ ጊዜው ወሳኝ ነው። ስጦታ የሚጎርፈው በበዓል ነው፦ ለገና፣ ለፋሲካ፣ በረመዳን፣ ለአረፋ። በእነዚያ ቀኖች ሦስት ሰንጋ በአንድ ጠዋት ሊመጣ ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ስለሌለ ቋንጣ ያልሆነው ይበላሻል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ገበሬው ራሱ ጎተራውን የሚጠርግበት፣ የእህል ዋጋ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ እጅ ይጠብባል። በልግ የሚያበቅሉት የደጋ ወረዳዎች፣ እንደ ደላንታ፣ ዋድላና ደሴ ዙሪያ ያሉት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናብ ካጡ ክፍተቱ ቀድሞ ይጀምራል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ። የመጀመሪያው፣ የበዓል ገንዘብን በበዓል አለመጨረስ፤ ከመኸሩ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ቢያንስ የክረምቱን 18 ኩንታል ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የምሳ ደብተር ነው። ተዝካር ወይም ሰደቃ ማብላት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የተያዙና ክፍት ቀኖች ያሉበት ደብተር ይቀርብለታል፤ የፋሲካው ሳምንት ሞልቷል ተብሎ በትሕትና ወደ ነሐሴ ይዛወራል። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። የሚቆጣም አለ፤ ደብተሩን የሚይዘው ሰው ይህን መቻል አለበት።

እህል መግዛት ብቻውን አያድንም፤ ነቀዝ አለ። ማሽላና በቆሎ ይነቅዛሉ፤ ጤፍ ከፍሬው ማነስ የተነሳ ነቀዝ አይደፍረውም። ማሽላውን ጥርስ ላይ ቀጭ እስኪል ማድረቅ፣ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አፉን ጠምዞ ማሰር፣ ከወለልና ከግድግዳ ማራቅ ያስፈልጋል። ሰው በሚተኛበት ክፍል የተከማቸ እህል ላይ የነቀዝ ኪኒን ማድረግ ደግሞ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው፤ ጋዙ ይገድላል።

ከእህሉ የሚከብደው እጅ ነው

ስለ ደግነት ሲወራ ምግብ ይነሳል። ቤቱን የሚያደክመው ግን ሌላ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ዳሌው፣ ተረከዙና ጀርባው ይቆስላል። ቁስሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምርና ለመዳን ወራት ይወስዳል፤ ኢንፌክሽን ከገባበት ይገድላል። ሒሳቡ ይህ ነው፦ በየሁለት ሰዓቱ ማለት በቀን 12 ጊዜ፤ 10 አልጋ የያዙ ሰዎች ካሉ 120 ጊዜ። እያንዳንዱ ሁለት ሰው ለአምስት ደቂቃ የሚያሠራ ቢሆን በቀን 20 የሰው ሰዓት ይወጣል። ማገላበጥ ብቻውን፣ ማጠቡና ማጉረሱ ሳይቆጠር፣ በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠሩ ሁለት ሰው ተኩል ይወስዳል።

ውሃም እንደዚሁ። በአደጋ ጊዜ የሚሠራበት ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለ40 ሰው 600 ሊትር፣ ወይም 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አልጋ የያዙት ልብስና አንሶላ ሲጨመር ይበልጣል። 10 ሰው በቀን አራት ዳይፐር ቢቀየርለት በወር 1,200 ነው። አቅሙ የሌላቸው ቤቶች የሚታጠብ ጨርቅ ከላስቲክ ጋር ይጠቀማሉ፤ ያ ደግሞ ተመልሶ ወደ ውሃና ወደ አጣቢ ይሄዳል።

በጎ ፈቃደኛ ይህን ክፍተት ይሞላል? በከፊል። ቅዳሜና እሁድ መጥተው ጸጉር የሚቆርጡ፣ ገላ የሚያጥቡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣ የለም። የሌሊቱ ሥራ ደመወዝ ይፈልጋል። ሕዝቡ ዳቦ ሲሰጥ ይደሰታል፣ ደመወዝ ክፈሉልኝ ሲባል ያመነታል። በእኛ እይታ ከሁሉ ይልቅ መታረም ያለበት የሰጪዎች ልማድ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ ደግነት የሚገድልበት

ከመንገድ የተነሳ ሰው ቤቱ የሚገባበት ቀን አደገኛው ቀን ነው። ለሳምንታት ምንም ያልበላ ሰው ፊት ትልቅ ትሪ ማቅረብ የደግነት ሁሉ መጀመሪያ ይመስላል። ሰውነቱ ግን በረሃቡ ጊዜ ፖታሲየሙንና ፎስፌቱን ጨርሷል። ምግብ በድንገት ሲበዛ የቀረችው ወደ ሕዋሳት ስለምትገባ በደም ውስጥ ትጎድላለች፤ ልብ ምቱን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ በሕክምና ክትትል ሥር ትንሽ ትንሽ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ቀጠን ያለ ነገር ይሰጣል፤ መጠኑ በቀናት ውስጥ ይጨምራል። በጣም የተጎዱ ሕፃናት በጤና ተቋም ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ባለው ኤፍ-75 የተባለ ወተት የሚጀምሩትም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቅማል ነው። በደጋው ብርድ ልብሱን ሳያወልቅ ወራት የቆየ ሰው የልብስ ቅማል ይይዘዋል፤ እሱም ተስቦንና ግርሻን ያስተላልፋል። ግርሻ ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ይዞ፣ ተወት አድርጎ፣ መልሶ የሚመጣ በሽታ ነው። አዲስ የገባ ሰው ልብስ ወዲያው ተለይቶ ይቀቀላል ወይም ይቃጠላል፤ ጸጉር ይላጫል፤ ገላው ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ትኩሳት ካለው ጤና ጣቢያ ሳይታይ ከሌሎች ጋር አይተኛም። መድኃኒቱንም ቤት ውስጥ መስጠት አይገባም፤ ግርሻ ላይ የመጀመሪያው መድኃኒት በተሰጠ ሰዓታት ውስጥ ትኩሳቱ ሊያሻቅብና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ይህ በወሎ የተማርነው ነገር መሆን ነበረበት። በ1977 በኮረምና በሌሎች መጠለያዎች ካለቀው ሕዝብ ብዙውን የጨረሱት ኩፍኝ፣ ተስቦ፣ ተቅማጥና ሳምባ ምች ነበሩ። ደካማ ሰዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብ በሽታንም መሰብሰብ ነው። 20 ሰው በሚይዝ ቤት 40 ማስተኛት፣ ምንም እንኳ «ማንን ልመልስ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስጨንቅ ቢሆን፣ የተቀሩትን 20 አደጋ ላይ ይጥላል።

ሦስተኛው ምዝገባ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የሚያውቀው ዘመድ፣ ሕመምና የሚወስደው መድኃኒት፣ ሃይማኖት። ለፖሊስና ለቀበሌ በጽሑፍ ማሳወቅም ይከተላል። ይህ የሚደረገው ቤተሰብ ፈልጎ እንዳያጣው፣ ኋላም «ማን ፈቅዶላችሁ ወሰዳችሁት» ከሚል ክስ ለመዳን ነው። ቀበሌው የነዋሪነት ማስረጃ ከሰጠ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን «መክፈል የማይችል» ተብሎ መመዝገብ ይቻላል፤ የሕክምናውን ወጪ ይህ ብቻ በእጅጉ ያቀላል።

ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ደብተር

ሃይማኖት መመዝገቡ ሌላ ቦታ ያስገርም ይሆናል፤ ወሎ ውስጥ ግን ያለ እሱ ምሳ አይቀርብም። እስላሙ የክርስቲያኑን እርድ፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን አይበላም። በሠርግና በለቅሶ ወሎዬው ይህን የፈታው ለየብቻ እያረደ፣ ለየብቻ እየወጠወጠ፣ በአንድ ዳስ እያበላ ነው። ድብልቅ ቤትም እንዲሁ ሁለት ቢላዋና ሁለት ድስት ይይዛል፤ በጾም ወራትና በአዘቦት ሽሮና ምስር ሁሉንም ያገናኛል። የአእምሮ ሕመምተኛ ወይም ራሱን ያላወቀ ሽማግሌ የማያምንበትን ሥጋ ማጉረስ ደግሞ ቤቱን ከአካባቢው የሚያጣላ ጥፋት ነው። ቀብሩም እንዲሁ፦ ሙስሊሙ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሳይዘገይ መቀበር አለበት፤ ክርስቲያኑ ፍትሐት ይፈልጋል። ከቅርቡ ቅሬ ጋር አስቀድሞ ያልተነጋገረ ቤት አስከሬን ይዞ ይቸገራል።

ሁለተኛው ደብተር የዘካ ነው። ዘካ ከሰደቃ ይለያል። ዘካ ግዴታ ነው፦ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያላነሰና አንድ የጨረቃ ዓመት የሞላው ገንዘብ ካለ 2.5 በመቶ፤ ከአዝመራ በዝናብ ለበቀለው 10 በመቶ፣ በመስኖ ለለማው 5 በመቶ። ተቀባዮቹ በቁርአን የተዘረዘሩ ስምንት ወገኖች ናቸው። አብዛኞቹ ዑለማዎች ለሙስሊም ድሆች እንዲሰጥ፣ ለሕንፃ ግንባታም እንዳይውል ያስተምራሉ። ሰደቃ ግን ሃይማኖት ሳይለይ ለማንኛውም ችግረኛ ይሆናል። ድብልቅ ቤት የዘካን ብር ከሌላው ጋር ቀላቅሎ አጥር ካሠራበት ሰጪው «ዘካዬ አልወረደልኝም» ይላል፤ ቅሬታውም ትክክል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሲቀበሉ መጠየቅ፣ ለየብቻ መመዝገብ፣ ለየብቻ ማውጣት።

ስለ ደረሰኝ ያለው ክርክር

«ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለው የወንጌል ቃል በሐዲስም መሰሉ አለ፤ በምስጢር መጽዋች ግራው የቀኙን እንዳያውቅ አድርጎ የሚሰጥ ተብሎ ይመሰገናል። ደረሰኝ አያስፈልግም የሚሉት በዚህ ላይ ይቆማሉ። ክብደት ያለው መከራከሪያ ነው፤ የተረጂውንም ፊት ይሸፍናል። ነገር ግን ሁለቱም ቃላት የሚናገሩት ከራሱ ኪስ ስለሚሰጥ ሰው ነው። የሌላውን ገንዘብ ተቀብሎ የሚያከፋፍል ሰው አደራ ያዥ ነው፤ ለእሱ ያለው ሥርዓት ሌላ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመበለቶች የዕለት እደላ ላይ ማጉረምረም ሲነሳ ሰባት ሰዎች ለዚያ ሥራ ተሾሙ። በሐዲስም ዘካ ሰብስቦ የመጣ ሰው «ይህ ለእኔ የተሰጠኝ ነው» ባለ ጊዜ ተጠይቋል።

በሕጉ በኩል ከ2001 የነበረውን ጠባብ አዋጅ የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት በክልሉ አካል ይመዘገባል፤ ከአንድ ክልል በላይ ከሆነ በፌዴራሉ ባለሥልጣን። ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ለሚነሱ ሰዎችም ቢያንስ አምስት ሰዎች ያሉበት «የበጎ አድራጎት ኮሚቴ» የሚባል አደረጃጀት አለ። ሰዎችን የሚያደናግረው አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚለው ነው። ይህ የጽሕፈት ቤት ኪራይን፣ የሒሳብ ሠራተኛንና የመሳሰለውን ይመለከታል። በሽተኛ የምታገላብጥ አስታማሚ ደመወዝ የሥራው ወጪ እንጂ አስተዳደራዊ አይደለም። ብዙ ቤቶች ይህን ባለመለየት ወይ አስታማሚ አይቀጥሩም ወይ ሪፖርታቸው ይበላሻል።

በግል ሒሳብ መሰብሰብ ሌላ የሚያስከትለው ነገር አለ፤ ስርቆት ባይኖርም እንኳ። ባለሒሳቡ ቢሞት ገንዘቡ የውርስ ሀብት ተብሎ ወራሽ እስኪጣራ ይታገዳል፤ በዚያ ጊዜ 40 ሰው ምሳ ይፈልጋል። ቤቱና መኪናው በስሙ ከሆኑም እንዲሁ። አነስተኛው ጥንቃቄ በድርጅቱ ስም የተከፈተ፣ ሦስት ፈራሚ ተሰይሞለት ሁለቱ ካልፈረሙ የማይንቀሳቀስ ሒሳብ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝና የእህል መግቢያና መውጫ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ በወር 6 ኩንታል መውጣት ሲገባው 9 ከወጣ ማንም ሳይካሰስ ጥያቄ ይነሳል።

ምስሉስ?

ገንዘብ የሚያመጣው ምስል ነው። ቁስሉ የታየ፣ ያለቀሰ፣ ራቁቱን የሆነ ሰው ብዙ ይሰበስባል። ይህን የሚደግፉ ሰዎች ያለ ምስል ማንም አይሰጥም ይላሉ፤ በአጭር ጊዜ ሲታይ አልተሳሳቱም። ሆኖም በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል፤ አእምሮው የታወከ ሰው ደግሞ ፈቃድ ሰጠ ማለት አይቻልም። በተግባርም የሚጎዳው የኋላው ነው። የዳነ ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ያ ምስል ቀድሞት ይጠብቀዋል፤ ዘመዶቹም «አዋረዱን» ብለው ሊቀበሉት ይቸገራሉ። ዘመድ ለማፈላለግ ንጹሕ ልብስ የለበሰ የፊት ፎቶ በቂ ነው። ገንዘብ ለማሰባሰብ የጎተራው፣ የምሳ ደብተሩና የሒሳቡ ምስል ይሁን የሚሉ አሉ፤ ቀስ ብሎ ቢሰበስብም ሰጪውን ለዓመታት ያቆያል።

መሥራቹ ሲደክም

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ገደማ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ መጥተው በረሃብ ወላጅ ካጡ ሕፃናት ሁለቱን ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ትዳራቸውንና ኑሯቸውን ያስከፈለው ያ ውሳኔ ሰኔ 27 ቀን 2013 እስካረፉ ድረስ 40 ዓመት ዘለቀ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ቀን ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ ሥራው በስማቸው ቢጠራም ማኅበር ሆኖ ተመዘገበ፣ ገቢ የሚያስገኙ ሥራዎች ያዘ፣ ስለዚህም ከእሳቸው ዕድሜ በላይ መቆየት ቻለ።

ይህ የማይሆንባቸው ብዙ ናቸው። የሌላውን ሥቃይ በየቀኑ የሚሸከም ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አለ፤ የጤና ባለሙያዎች የርኅራኄ ድካም ይሉታል። እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሹ መቆጣት፣ ተረጂውን እንደ ዕቃ ማየት፣ «ከእኔ ሌላ የሚችለው የለም» ማለት ምልክቶቹ ናቸው። የመጨረሻው አደገኛ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ትጋት ይመስላል፣ በተግባር ግን ቁልፍም፣ የባንክ ደብተርም፣ የመድኃኒት ሰዓትም በአንድ ጭንቅላት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከግቢው መውጣት፣ በዓመት አንድ ወር ምክትሉን ብቻውን ማሠራት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በዚያ ወር የሚሰናከለው ነገር ሁሉ መሥራቹ ቢታመም የሚሰናከለው ነው።

ቤት መክፈት ነው ወይስ ቤት ለቤት መጦር?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ ሰውን ከመንደሩ አውጥቶ ግቢ ውስጥ ማኖር ለምን? ጎጆ ያለው፣ ጉልበት ያነሰው አሮጊት እዚያው ሳሉ ጎረቤት ቢያግዛቸው ወጪው ያንሳል፣ በሽታም አይሰበሰብም። በአማራ ክልል የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባሉ የቀበሌ ስብስቦች የታሰቡት ለዚህ ነው። በእኛ ግምት ከሚነሱት ሰዎች መካከል ዘመድ ወይም ጎጆ ላላቸው ይህ ይሻላል፤ አልጋ ለያዘ፣ ለሌሊት ጥበቃና ለየዕለት መድኃኒት ለሚያስፈልገው ሰው ግን ግቢው አይቀሬ ነው። ግቢዎች ያለ ልክ የሚሞሉት ሁለቱ ወገኖች ሳይለዩ ስለሚገቡ ነው።

ቅሬው ይህን ይሸከም የሚለው ሐሳብም ተቃውሞ አለው። የቅሬ ዳኞች «የመቃብሩን ሥራ ከመጦሩ ጋር ብናደባልቀው ሁለቱንም እናጣለን» ይላሉ። ድሃው አባል መዋጮ ሲበዛበት ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ደግሞ ቀባሪውንም ያጣል። ስጋቱ ተራ አይደለም። ስለዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ መዋጮው በእህል፣ በዓመት አንዴ፣ ከ5 ኪሎ ሳይበልጥ፤ መዝገቡ ከቀብሩ የተለየ፤ ሴፍቲኔት ውስጥ ያሉ አባላት ነፃ፤ ዝናብ በከዳበት ዓመት ሙሉ በሙሉ የሚቆም። በልዋጩም ግቢው ውስጥ ለሚሞት እንግዳ ቅሬው ቃሬዛና መቃብር ይሰጣል። ይህን የሚሞክር ቅሬ ካለ ጉባኤውን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ አውድማ ላይ ሳለ ማድረግ ይኖርበታል። ዕዳ ከተከፈለና የተረፈው ጎተራ ከገባ በኋላ የሚጠየቅ 5 ኪሎ ከልጆች ቀለብ ላይ የሚነሳ ይሆናል።